በወረርሽኝ ወቅት የሕፃናትን ዕድገት መከታተል

የኮሮና ወረርሽኝ እንቅስቃሴን ገድቦ ነበር፤ የሕፃን ዕድገት ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለሆነም ወላጆች በቤታቸው የሚከተሉትን የዕድገት ምልክቶች ሊያስተውሉ ይገባል።

በ2 ወር፦ ሲያጫውቱት ፈገግ ይላል፤ ድምፅ ሲሰማ ምላሽ ይሰጣል።
በ4 ወር፦ ቀና አድርገው ሲይዙት አንገቱ ይጸናል።
በ6 ወር፦ ይገላበጣል፤ ዕቃ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ የሚጀምረውም በዚህ ዕድሜ ነው።
በ9 ወር፦ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል።
በ12 ወር፦ ይዞ ይቆማል፤ «እማ»፣ «አባ» ማለት ይጀምራል።

ሕፃናት በዕድገታቸው መጠነኛ ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ። ሆኖም ምልክቱ ከዘገየ፣ በተለይም ሕፃኑ ይችለው የነበረውን ከተወ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሕፃን ንግግርን የሚማረው ፊትና ከንፈርን ጭምር እያየ ነው። ስለዚህ የበሽታው ምልክት የሌለባት እናት በቤት ውስጥ ያለ ጭምብል ታጫውተው። በቫይረሱ የተያዘች እናት ግን ጭምብል አድርጋና እጇን በሳሙና ታጥባ ማጥባቷን ትቀጥል። ለሕፃኑ ጭምብል አይደረግም፤ ሊያፍነው ይችላልና።

በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት እንዲሁም በ9ኛ ወር የሚሰጡ ክትባቶችም አይቋረጡ፤ ኮሮናን ሲሸሹ በኩፍኝ መያዝ እንዳይመጣ።