ለቱቶሪያል ጸሐፊዎች በዕለቱ መልስ የሚሰጥ አሠራር

በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶች ስለ ፓይተን ወይም ስለ ሊኑክስ የሚጽፉትን ቱቶሪያል የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ቶሎ የሚያደክማችሁ እርማቱ ነው። ጽሑፉን ልኮ ሳምንት ሙሉ መልስ ያጣ ተማሪ ደግሞ ሁለተኛ አይልክም። ጥቃቅኑን እርማት ለማሽን ልቀቁት።

መጀመሪያ ጽሑፎቹን በማርክዳውን ፋይል አድርጋችሁ ጊትሀብ ላይ አስቀምጡ። ጊትሀብ አክሽንስ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ በመደበኛ ማሽኖቹ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል። ፑል ሪኩዌስት በመጣ ቁጥር አንድ የፓይተን ስክሪፕት እንዲያስነሳ እዘዙት። የአማርኛውንና የሲዳምኛውን ጽሑፍ በተለያየ ፎልደር ለዩ፤ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአማርኛው ደንብ በከንቱ ስህተት ይቆጥርበታል።

ቀጥሎ ስክሪፕቱ ምን እንደሚፈትሽ ወስኑ። ብዙ ጸሐፊ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ በዩኒኮድ ግን ሁለት ነጥብ U+1361፣ አራት ነጥብ U+1362 ስለሆኑ ፍለጋና የዓረፍተ ነገር አከፋፈል ይበላሻል። ስክሪፕቱ ይህንንም ሆነ በላቲኑ «::» የተመታውን ይያዝ፤ የኮድ ክፍሎችን ግን ይዝለል፣ የላቲኑ ድርብ ነጥብ በሲ ፕላስ ፕላስ ሕጋዊ ምልክት ነውና። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» እየተቀያየሩ አንድ ቃል በሁለት መልክ እንዳይጻፍ የተመረጡ ቃላት ዝርዝር ስጡት። የኮድ ምሳሌዎቹን አስኪዶ ይሞክር። የማይከፈት ሊንክ ሲያገኝ ግን ያስጠንቅቅ እንጂ ጽሑፉን አያግድ፤ ሰርቨሩ ለጊዜው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የመልእክቱ ቃል ነው። «ስህተት አለ» ብሎ ማለፍ ጀማሪን ያባርራል። «በ14ኛው መስመር ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ተመትቷል፤ እባክዎ በአራት ነጥብ ይተኩት» የሚለው መንገድ ያሳያል። ማሽኑ ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ስለማያውቅ በ«እርስዎ» ይናገር።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ከፎርክ የሚመጣ ፑል ሪኩዌስት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስላለው ስክሪፕቱ አስተያየት መለጠፍ አይችልም። ይህን ለማለፍ «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» የሚባለውን መርጦ የላኪውን ኮድ ማስኬድ የሪፖዚተሪውን ምስጢራዊ ቁልፎች ያጋልጣል፤ አታድርጉት። ስክሪፕቱ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር በጊትሀብ አጻጻፍ ካወጣ መልእክቱ ከመስመሩ አጠገብ ይታያል፤ ይበቃል።

ያንኑ ስክሪፕት ጸሐፊው በገዛ ኮምፒውተሩ ማስኬድ እንዲችል አድርጉ። የሞባይል ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፍተሻው ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው ቱቶሪያሉን እንደ ጀማሪ ደረጃ በደረጃ ይከተለው። ጽሑፉ በእርግጥ የሚያስተምር መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንዴ መሥራት ከከበዳችሁ ከአራት ነጥቡ ፍተሻ ጀምሩ።