መንግሥት ሲለወጥ የማጭበርበር ሕግ አብሮ ይለወጣል?

የደምበጫን በቆሎና ጤፍ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት ግን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል።

አንደኛው፣ መንግሥት «ጥፋት» የሚለው የገበያ ተግባር ነው። ይህ ይለወጣል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ ኮታ ሲሰበስብ፣ ከኮታው ውጭ ከጎጃም እህል ገዝቶ መጫን ያስጠይቅ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳ ያው ጭነት ሕጋዊ ንግድ ሆነ። ልብ ይሏል፤ ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ፖሊሲው መንግሥትን ቀድሞ ተለወጠ።

ሁለተኛው፣ ጉዳዩን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሙስናን ይመረምርና ይከስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛወረ። ያኔ መንግሥት አልተለወጠም።

ሦስተኛው ማታለል ራሱ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ንጉሡንም ደርግንም አልፎ እስከ 1997 ዓ.ም. ሠርቷል። የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይን፣ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ የሚሰጠውን ይቀጣል፤ የ2010 ዓ.ም. ለውጥም አልሻረውም።

ስለዚህ ነጋዴውም ደላላውም ከወንበሩ ይልቅ አዋጁን ይከታተል። ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ የሚዛን ወረቀቱንና ደረሰኙን ያስቀምጥ። ከሳሹ መሥሪያ ቤት ቢለወጥም ማስረጃው ያው ነውና።