መለኪያው ሲለዋወጥ፦ የክራብ ኔቡላ የጋማ ጨረር ብልጭታዎች

በኤክስሬይና በጋማ ጨረር ሥነ ፈለክ ለብዙ ዓመታት የቆየ አንድ ልማድ አለ። አዲስ መሣሪያ ወደ ኅዋ ሲላክ ወደ ክራብ ኔቡላ ይዞርና ንባቡ ከዚያ ጋር ይመሳከራል፤ የሌሎች አካላት ድምቀትም «ይህን ያህል ክራብ» ተብሎ ይገለጣል። ልማዱ የቆመው ኔቡላው አይለዋወጥም በሚል እምነት ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኔቡላው ቻይናውያን ጠበብት በ1054 የመዘገቡት የኮከብ ፍንዳታ ቅሪት ሲሆን ከመሬት 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በመካከሉ ያለው ፐልሳር በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ እየዘገየ ሲሄድ የሚያጣው ጉልበት የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ነፋስ ሆኖ ኔቡላውን ያበራል።

በሴፕቴምበር 2010 አጂሌ የተባለው የኢጣሊያ ሳተላይት ከዚህ አካል የሚመጣው የጋማ ጨረር በድንገት መጨመሩን አስታወቀ፤ ፌርሚ የተባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕም ወዲያው አረጋገጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጭማሪው የፐልሳሩ ነው ወይስ የኔቡላው የሚል ነበር። ፌርሚ ሁለቱን በምስል ለይቶ ማየት አይችልም። ይሁን እንጂ የፐልሳሩ ምት የሚደርስበት ቅጽበት በትክክል ስለሚታወቅ በምቶቹ መካከል የሚደርሱት ፎቶኖች ለብቻቸው ሲቆጠሩ የኔቡላው ድርሻ ይገኛል። ምቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኔቡላው ነበር።

ከሁሉ የበረታው በኤፕሪል 2011 የታየውና ዘጠኝ ቀን ያህል የቆየው ብልጭታ ነው። የኔቡላው የሲንክሮትሮን ጨረር ከ100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ከወትሮው 30 እጥፍ ደረሰ፤ ድምቀቱ በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ እጥፍ የሆነበትም ጊዜ ነበር። አንድ ምንጭ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጠው ከሚወስድበት ጊዜ ፈጥኖ በሙሉ ሊደምቅ አይችልም። በ8 ሰዓት ብርሃን የሚጓዘው 9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የኔቡላው ስፋት ግን ከዚህ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ብልጭታው የተነሣው ከኔቡላው እጅግ ጥቂት ከሆነ ስፍራ ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ያስቸገረው የፎቶኖቹ ጉልበት ነው። ኤሌክትሮን በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲታጠፍ ጨረር እየረጨ ጉልበቱን ያጣል፤ ኤሌክትሪካዊ መስክ ደግሞ ያፈጥነዋል። የሚያጣው ጉልበት በራሱ ጉልበት ካሬና በመግነጢሳዊ መስኩ ካሬ ልክ ያድጋል፤ የሚረጨው ፎቶን ጉልበት ግን በኤሌክትሮኑ ጉልበት ካሬና በመስኩ በራሱ ልክ ነው። ትርፉና ኪሳራው እኩል በሚሆኑበት ነጥብ እንግዲህ የፎቶኑን ጉልበት የሚወስነው የሁለቱ መስኮች ንጽጽር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መግነጢሳዊ መስኩን ብቻ ማበርታት ምንም አይጠቅምም። ኤሌክትሪክን በደንብ በሚያስተላልፍ ፕላዝማ ውስጥ ኤሌክትሪካዊው መስክ ከመግነጢሳዊው አይበልጥም፤ በዚህ ሁኔታ ወሰኑ 160 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የኤፕሪል 2011ዱ ብልጭታ ጨረር ግን ከፍተኛ ልኩን ያሳየው በ375 አካባቢ ነበር።

ከዚህ የሚያስወጡ ሁለት መንገዶች ቀርበዋል። አንደኛው ጨረር የሚረጨው ፕላዝማ ራሱ ወደ እኛ እየፈጠነ ይመጣል፤ የፎቶኑም ጉልበት በዶፕለር ክስተት ከፍ ብሎ ይታያል የሚል ነው። ሆኖም 160ን ወደ 375 ለማድረስ የብርሃንን ፍጥነት 70 በመቶ ያህል ይጠይቃል፤ በሀብልና በቻንድራ ቴሌስኮፖች ምስል በኔቡላው ውስጥ የሚታዩት ሞገድ መሳይ ቅርጾች የሚጓዙት ግን በግማሹ ገደማ ነው። ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው መግነጢሳዊ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና በሚያያዙበት ቀጭን ንጣፍ ላይ ያተኩራል። በዚያ መግነጢሳዊው መስክ ይደክማል፤ ኤሌክትሪካዊውም ሊበልጠው ይችላል። ቅንጣቱ ጉልበት የሚያገኘው በደካማው መስክ ውስጥ ሲሆን ጨረሩን የሚረጨው ግን ወደ ብርቱው መስክ ሲወጣ ነው። ወሰኑ የሚጣስበትን ምክንያት ከሥሩ የሚነካ በመሆኑ ይህኛው ይበልጥ ያሳምናል። ስፍራውን በምስል ማሳየት ግን እስካሁን አልተቻለም፤ ሀብልና ቻንድራ በብልጭታዎቹ ወቅት ቢመለከቱም ከጋማ ጨረሩ ጋር በግልጽ የሚገጥም ለውጥ አላገኙም።

የመለኪያው ጉዳይም በጋማ ጨረር ብቻ አላበቃም። ከ2008 እስከ 2010 የኔቡላው ብርቱ ኤክስሬይ 7 በመቶ ያህል መቀነሱን ልዩ ልዩ ሳተላይቶች እየተመሳከሩ አረጋግጠዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቅናሹ እንደ መሣሪያው ድካም ተቆጥሮ በእርማት ሊሰወር ይችል ነበር።