ካሣና ቅጣት ስላላቸው ልዩነት

አንድ ሰው በሌላው ጥፋት አካሉ በተጐዳ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ተበዳዩ ያጣውን የሚተካለት ማን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በዳዩ ስለ ጥፋቱ ምን ይቀጣል የሚል ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ከሳሽ የሚገባውን ሳያገኝ ሊቀር ስለሚችል፣ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቍጥር 2091፣ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ዳኛው የሚመዝነው የበዳዩን ክፋት ወይም ሀብት ሳይሆን የተበዳዩን ጉዳት ነው። ይኸውም የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢና ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ነው። ስለ ኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ በቍጥር 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ልጁን ወይም ወላጁን ላጣ ሰው ይህ እጅግ ያነሰ ነው። ቅጣት ግን የወንጀል ፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ መቀጮውም ለመንግሥት እንጂ ለተበዳዩ አይከፈልም።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ሌላ ሥርዐት አለ። በእንግሊዝ አገር በ1763 እ.ኤ.አ. ከተፈረደው የዊልክስ ክርክር ጀምሮ፣ ከጉዳቱ ልክ በላይ ለከሳሹ የሚከፈል የመቀጣጫ ካሣ ታውቋል። ዓላማው በዳዩን መቅጣትና ሌላውን ማስጠንቀቅ ነው። ሆኖም የእንግሊዝ የመሳፍንት ምክር ቤት በ1964 እ.ኤ.አ. በጥቂት ጉዳዮች ብቻ እንዲወሰን አድርጎታል።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ነክቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች የአውሮፕላኑን ሠሪ ቦይንግን በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ቦይንግ ኀላፊነቱን አመነ፤ አብዛኞቹ ከሳሾችም በአንጻሩ የመቀጣጫ ካሣ ጥያቄያቸውን ተዉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በየሟቹ በደረሰው ጉዳት ልክ ላይ ብቻ ሆነ።

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚከስ ሰው ግን የሚተማመነው በማስረጃ ነው። የሐኪም ወረቀት፣ የመድኀኒት ደረሰኝና የደመወዝ ማስረጃ ይያዝ። በመኪና የተጐዳ ሰው፣ በቍጥር 2081 መሠረት፣ ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ሊጠይቀው ይችላል። የወንጀል ክስ በቀረበ ጊዜ በዚያው የካሣ ጥያቄ ማቅረብ ይፈቀዳል፤ ተከሳሹ በወንጀል ነጻ ቢወጣም የካሣው መብት በዚያ ብቻ አይቀርም። ከሁሉ በላይ በቍጥር 2143 የተወሰነው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ ጊዜ ሲበልጥ ግን የበለጠው ይጸናል። በዳዩ እስኪቀጣ እያለ የሚጠብቅ ተበዳይ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ካሣውን ያጣል።