የወንዝ አፍ ምንድን ነው? ለምንስ ይጠበቅ?

በጂኦግራፊ ትምህርት ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት፣ ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው የሚቀላቀልበት ቦታ እንዳለ ተምረናል። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህን በቅርብ አናየውም። ወንዝ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ ግን አለን፤ ጨው ባይኖረውም ሥራው በብዙው ተመሳሳይ ነው። ለጎጃም ሰው ቅርቡ ምሳሌ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ ነው።

ጥቅሙ

ወንዙ ከደጋ ሲወርድ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ይሸከማል። ሐይቁ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ሸክሙን ያራግፋል። በዚያ ረግረግ ደንገልና ፊላ ይበቅላሉ። እነሱም ጭቃውን እንደ ወንፊት ያስቀራሉ፤ ለወፍ ጎጆ፣ ለአሣ ጫጩት መደበቂያ፣ ለታንኳ ሠሪውም መተዳደሪያ ናቸው።

የወንዝ አፍ በርም ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና አሣዎች ብዙዎቹ በዓለም ሌላ የትም አይገኙም። ከእነሱም በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዞች አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጡና ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ዕንቁላል ይጥላሉ።

ጉዳቱ

1ኛ/ በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ መረብ ሲዘረጋ የሚያዘው ዕንቁላል የያዘው አሣ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ይህ ትልቁንም ትንሹንም ይጨርሳል።

2ኛ/ ረግረጉ ሲታረስ ወንፊቱ ተቀደደ ማለት ነው።

3ኛ/ ከማሳ የታጠበ አፈር ጠጠሩን ሲሸፍን ዕንቁላሉ ይታፈናል። ጣናም ቢሆን እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ደለል ይጎዳዋል። አብሮ የሚወርደው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጭን ያፋፋል። እምቦጭ በጣና መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ታዲያ ጭቃ ሁሉ መጥፎ ነው? አይደለም! በግብፅ ጠረፍ ያለውን ዴልታ የሠራው በብዛት የኛው የዓባይ ደለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደለሉን ሲያስቀር ጠረፉ በባሕር መበላቱ ባሰ፤ የሰርዲን አሣውም ክፉኛ ቀነሰ። እዚያ ጭቃው አነሰ፣ እዚህ በዛ። የተበላሸው ሚዛኑ ነው።

ምን ይደረግ?

ገበሬው ጠላት አይደለም። «ረግረጉን አትረስ» ብቻ ብንለው «ልጆቼን ምን ላብላ?» ይለናል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ሥራው ከላይ ከደጋው ይጀመር፦ በማሳ እርከን፣ በወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ። ዓሣ አጥማጁም ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን በእነዚያ ጥቂት ወራት የወንዙን አፍ ቢተው ይበቃል።

እኛ ደብረ ማርቆስ ያለነው «ጣና ሩቅ ነው» እንል ይሆናል። የኛው ጨሞጋስ የጮቄን አፈር ይዞ ዓባይ ይገባ የለም እንዴ?

መምህር ስንሆን ይህን እናስተምር፦ በክረምት አንድ ብርጭቆ ውኃ ከታረሰ ማሳ፣ ሌላ ብርጭቆ ከሣር መሬት ከሚወርድ ጎርፍ ይቀዳ። በማግሥቱ ተማሪው የሁለቱን ጭቃ በማስመሪያ ይለካ። በዓይኑ ያየውን ማታ ለአባቱ ይነግራል።

ጥያቄ፦ በተወለዳችሁበት ቀበሌ ያለው ወንዝ መጨረሻው የት ነው? ምንስ ይዞ ይሄዳል?