አሮጌው ሚኒባስ ጊቤን ይሻገራል ወይ?

ባለፈው ወር ከየፋኩልቲው የተሰባሰብን ዐሥራ አራት ተማሪዎች ጅማ ድረስ ሄደን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ተስማማን። ገንዘብ ተዋጣ፤ ስንቅ የሚያዘጋጁት ተመረጡ፤ የሚዘፍነውም ሳይመረጥ ራሱን መረጠ። የቀረው መኪናው ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን የአንደኛው ጓደኛችን አጎት «ነዳጁን ቻሉ እንጂ ኪራይ አልጠይቃችሁም» ብለው ሚኒባሳቸውን ስለ ፈቀዱልን ነገሩ ያለቀ መሰለ። በዚህ መካከል አንዲት እኅታችን ተነሥታ «ለመሆኑ መኪናው ይደርሳል?» ስትል ጠየቀች። ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ መሆን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕዳ ያመጣል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ያየሁትን እዚህ የምጽፈው፣ እንዲህ ያለ ቸርነት ለሌሎቻችሁም ሊያጋጥም ስለሚችልና ከምርመራው አብዛኛው ያለ መካኒክነት ሙያ ሊደረግ የሚችል ስለ ሆነ ነው።

መኪናው በተለምዶ «ዶልፊን» የሚባለው ቶዮታ ሃይስ ነው። ሞተሩ 3ኤል የሚባል፣ ባለ አራት ሲልንደር፣ 2.8 ሊትር የሆነና ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 387,000 ይላል። ጓደኞቼን ያስደነገጣቸው ይኸው ቁጥር ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ ቁጥሩ ሳይሆን ቆጣሪው ከቆመ ብዙ ጊዜ መሆኑ ነበር። የሆነ ሆኖ ቆጣሪው ትክክል ቢሆንም እንኳ የሚነግረን ጥቂት ነው። በከተማ ጭንቅንቅ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ ይህን ያህል መንገድ ለመሄድ 25,800 ሰዓት ሞተሩን ያሠራል፤ በሰዓት 60 የሚሄድ አገር አቋራጭ ግን 6,450 ሰዓት ይበቃዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ድካሙ አራት እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ባለቤቱን «ስንት ሄደ?» ከማለት «ምን ሲሠራ ኖረ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የእኛው ሚኒባስ ጋሼ እጅ ከመግባቱ በፊት ታክሲ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ጧት በብርድ ማስነሣት ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥልበት ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ባሳየው ሞተር እንደ ነበረው ሁሉ፣ ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይነዳል። የ3ኤል ዓይነቱ ሞተር አየሩን ወደ ሃያ ሁለተኛ እጁ ያህል ይጨምቀዋል። የፒስተኑ ቀለበቶች ካለቁ ወይም ቫልቮቹ አጥብቀው ካልገጠሙ አየሩ ያመልጣል፤ ያመለጠ አየር አይሞቅም፤ ሞተሩም እየተንቀጠቀጠና ነጭ ጢስ እያወጣ ባትሪ ይጨርሳል። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ጉድ ይሸፈናል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ሌሊቱን ሳይነካ ያደረ ሞተር ነው።

እኔም ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ጋሼ ቤት ደረስኩ። እሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው ተነሥተው ኖሮ «ለእናንተ ብዬ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» አሉኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ ቁርስ በልቼ ተመለስኩ። በማግሥቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስሄድ ገና አልተነሡም ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቀን ቁልፉ ሲዞር ከአራት ሴኮንድ በኋላ ተነሣ። ነጭ ጢሱ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። ይህ መልካም ምልክት ነበር፤ በኋላም ጋራዥ ሄደን ኮምፕሬሽኑን ስናስለካ በካሬ ሴንቲ ሜትር 27፣ 26፣ 23ና 26 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሳለ 31 ግድም ነው፤ ከ20 ማነስ፣ በሲልንደሮቹም መካከል ልዩነቱ ከ5 መብለጥ የለበትም። ሦስተኛው ሲልንደር አርጅቷል፤ ነገር ግን ገና ጡረታ የሚወጣበት አይደለም።

ስለ ጢስ አንድ ነገር ልጨምር። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲልንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፤ እሱ ካለ ምርመራውን እዚያው ማቆም ይገባል። ጥቁሩን ግን ሰዎች ከሚገባው በላይ ይፈሩታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሚስበው የሳሳ አየር ላይ ለባሕር ዳርቻ የተመጠነ ናፍጣ ሲጨመርበት የተረፈው ነዳጅ ጥላሸት ይሆናል። የእኛው ሚኒባስ ዳገት ላይ የሚለቀው ጥቁር ጢስ በከፊል ከዚህ የመጣ ነበር፤ ቀሪው የአየር ማጣሪያው ጥፋት ስለ ሆነ ማጣሪያው ተለወጠ።

ይኸው ከፍታ በራዲያተሩ ላይ የሚያደርሰው ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ 80 ዲግሪን አለፍ ሲል ነው። እንግዲህ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ዐሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በጸደይ ተጭኖ ግፊቱን ስለሚይዝ ደኅና ክዳን ያለው ራዲያተር እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ከድስት ክዳን አይሻልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ (አደራ፣ ቀዝቅዞ ሳለ!) የጋሼን ክዳን ከፍቼ ሳየው ጎማው እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ውሃ ይጎድልበታል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው። «እሱማ በየሳምንቱ እጨምርለታለሁ፤ እንስሳም ውሃ ይጠጣል» አሉኝ። እንዲህ እየተባለ ውሃ ሲያልቅ ሞተሩ ይግላል፤ የጋለ ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ለጉዞው የተዋጣው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ አዲስ ቴስታታ አይገዛም። በአንጻሩ የክዳኑን ዋጋ ሁለታችን ከኪሳችን ከፈልነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ መኪናው መንገድ ላይ ይቆም እንደ ሆነ የሚመለከት ነው። መቆም ያሳፍራል፣ ያስርባል፣ ሜዳ ላይ ያሳድራል፤ ሰው ግን አይገድልም። ሰው ስለ አሮጌ መኪና ሲያስብ ስለ ሞተሩ ብቻ የሚያስበው ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም። የእኛ መንገድ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ድልድዩ ደግሞ ከዚያ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ተሳፋሪውና ጓዙ ሲጨመር መኪናው 2,600 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ ይህን ያህል ክብደት 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 20 ሚሊዮን ጁል ግድም ነው። ይኸውም 60 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ 100 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው። ሦስት ሙሉ ጀሪካን! የአባይ በረሃማ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከዚህም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ሙቀት የግድ አንድ ቦታ ይገባል። ከፊሉን ነፋሱ፣ ከፊሉንም ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፤ ሹፌሩ ግን «ናፍጣ ለመቆጠብ» ብሎ በአራተኛ ማርሽ ከለቀቀው ወይም ይባስ ብሎ ማርሹን ካወጣው ቀሪው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የጋለ ሸራ መያዝ ይለግማል። ከሸራው የባሰው ደግሞ ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ የሹፌሩ እግር ፔዳሉን ይዞ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ መኪናውም አይቆምም። በከተማ ውስጥ ፍሬን ተይዞ ይለቀቃል፤ ለመቀዝቀዝም ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ከተማ ላይ የተመሰገነ ፍሬን ለጊቤ ምስክር አይሆንም። ቦሎውም ቢሆን መኪናው በምርመራው ቀን ምን እንደ ነበረ ይናገር እንደ ሆነ እንጂ ከዚያ ወዲህ ስለ ሆነው ምንም አይናገርም።

ጎማዎቹን አስፈታን። የፊቶቹ ደኅና ነበሩ። ከኋላ በስተግራ ያለው ታምቡር ሲወልቅ ግን ዘይት ከውስጥ አፍስሶ ሸራውን አርሶታል፤ የቀኙ ሸራ ደግሞ አልቆ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዘይቱም እንደ ቡና ጠቁሯል።

አሁን ከምሕንድስና ትምህርት ውጭ የሆነ ችግር መጣ። መኪናውን በነጻ ለሰጠን ትልቅ ሰው «መኪናዎ አይታመንም» ብሎ መንገር በየትኛው ኮርስ ይሰጣል? ጓደኛችን «ተወው፣ ቅር ይላቸዋል፤ ቀስ ብለን እንነዳለን» አለኝ። እኔም ለአንድ ቀን ያህል ዝም ብዬ እንደ ነበር አልደብቅም። በመጨረሻ ሄጄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ይኸ መኪና አንድ ቀን ፍሬን ነሥቶኝ አያውቅም» አሉ። «አዎን ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ አይነሣዎትም» ብዬ የጀሪካኖቹን ሒሳብ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው የረጠበውን ሸራ አገላብጠው አዩት። ከዚያ «እንግዲህ ሸራው በእኔ፣ ዘይቱ በእናንተ» አሉ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ ስለማያስታውሱ እሱም ተለወጠ፤ ይህ ቺንጋ መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ስለሚጋጩ የማይታወቅ ዕድሜ ያለውን ይዞ መጓዝ ቁማር ነው።

ስለ ጎማ የምለው አጭር ነው። በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2314 ቢል እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። የእኛ ተቀያሪ ጎማ 0908 ይል ነበር፤ ሌላ ተዋስን።

ቀጥሎ ፈተናው ሆነ። መኪናው በሙሉ ጭነት ዳገት ሳይወጣ ይሄዳል ማለት ግምት ነው። ሰው ጭኖ መፈተን ደግሞ ሰውን መፈተን ስለ ሆነ በጓደኞቻችን ፈንታ ውሃ የተሞሉ ሠላሳ ጀሪካኖች ጫንን፤ 600 ኪሎ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እንጦጦ ማርያም ወጣን። የሙቀት መለኪያው ከግማሽ ጥቂት አለፈና እዚያው ቆመ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግን ወረድን። ታች ስንደርስ ሳልነካ እጄን ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጋሁ። የግራው የኋላ ከቀኙ ይልቅ በጣም ይጋረፍ ነበር፤ ሸራው ጠብቆ ታስሯል ማለት ነው። ተስተካክሎ በድጋሚ ወጥተን ወረድን፤ ያን ጊዜ ሁለቱ እኩል ሆኑ። ውሃው በመኝታ ቤቶቹ ቧንቧ ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ስለ ነበረ ስንመለስ በእልልታ ተቀበሉን።

ፍርዴም ይህ ነው፤ መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን ዐሥራ አራት ሰው ይዞ አይደለም። ሹፌሩን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ እኔ ከዚያም ላይ አንዱን ለጓዝ እተወዋለሁ። ንጋት ላይ እንነሣለን፤ በጨለማ አንነዳም፤ ወልቂጤ ላይ ቆመን ጎማዎቹን ከዳሰስን በኋላ ጊቤን በሁለተኛ ማርሽ እንወርዳለን። የሚያሳስበኝ ከመሄጃው ይልቅ መመለሻው ነው፤ ከሰዓት በኋላ በቆላው ሙቀት ዳገቱን መውጣት አለብን፤ ማር፣ ቡናና የጅማ በርጩማ ሳይገዛ የሚመለስ ሰው እንደሌለም አውቃለሁ። በርጩማ ለመግዛት ያሰበ በአውቶቡስ ይላክ። ዐሥሩ ተማሪዎች በሚኒባሱ፣ አራቱ በሕዝብ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ዕጣው ዓርብ ይወጣል፤ የአውቶቡሱም ክፍያ ከማኅበሩ መዋጮ ይሸፈናል።

ጋሼ አዲሱን ክዳን ገጥመውታል። አሮጌውን ግን አልጣሉትም፤ «ለክፉ ቀን» ብለው በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አኑረውታል። ሳንነሣ ማን ሰርቆ እንደሚያወጣው እስካሁን አልተስማማንም።