በ54 ቢት የሚነገር ድምፅ

አንድን ንግግር በዲጂታል መልክ ለማስተላለፍ የድምፁን ሞገድ በየጊዜው እየለኩ ወደ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። በተለመደው የዲጂታል ስልክ መስመር ሞገዱ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ስለሚጻፍ በየሰከንዱ 64,000 ቢት ይተላለፋል ማለት ነው። ረጅም ርቀት የሚያቋርጥ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ይህን ያህል ሸክም አይችልም። 2,400 ቢት ብቻ ቢፈቀድልንስ?

መፍትሔው ሞገዱን ትቶ የተናጋሪውን አፍ መግለጽ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር የድምፅ አውታሮችን ያርገበግባል፣ ወይም ሳያርገበግብ በጠባብ መንገድ እየተፋጨ ያልፋል፤ ምላስና ከንፈር ደግሞ ቅርጽ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ሆኖ የወጣው ኤልፒሲ-10 በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ንግግሩን በ22.5 ሚሊሰከንድ ቁርጥራጮች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም 54 ቢት ይመድባል። ቃሉ ይሰማል፤ ነገር ግን እንደ ንብ ድምፅ ይነዝራል፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ለመለየትም ያስቸግራል። ትእዛዝ በሬዲዮ ለሚቀበል ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ጥፋቱ የቢቱ ማነስ ብቻ ሊመስለን ይችላል። እስቲ ጣታችንን ጉሮሯችን ላይ አድርገን "ስ" የሚለውን ድምፅ፣ ቀጥሎም "ዝ" የሚለውን እናርዝም። በመጀመሪያው ጉሮሯችን ጸጥ ይላል፤ በሁለተኛው ይንቀጠቀጣል፣ የአየሩ ፍጭትም አብሮ ይሰማል። ኤልፒሲ-10 ግን አንዱን ቁራጭ ወይ ነዛሪ ወይ ኢነዛሪ ብሎ ከመፈረጅ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለቱንም የሆነችው "ዝ" በዚህ ፍረጃ ውስጥ ትክክለኛ ቦታ የላትም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በእርሱ ምትክ የተመረጠው ሜልፕ ድግግሞሹን በአምስት መደቦች ከፍሎ ንዝረትና ፍጭትን በየመደቡ ያዳቅላል። የሚገርመው ቢቱ ያው 54 መሆኑ ነው! ቁጠባው የመጣው ከአፍ ቅርጽ መግለጫ ነው። ኤልፒሲ-10 ለነዛሪ ድምፅ የቅርጹን አሥር ቁጥሮች ለየብቻ እየጻፈ 41 ቢት ያጠፋ ነበር። ሜልፕ ግን ቁጥሮቹን በአንድነት አይቶ አስቀድሞ ከተዘጋጁ የቅርጽ ሠንጠረዦች ተቀራራቢውን ስለሚመርጥ 25 ቢት ይበቃዋል፤ ሰው ሊሠራው ለማይችለው የአፍ ቅርጽ ቁጥር መመደብ ትርፉ ብክነት ነውና። ከተረፉት 16 ቢቶች 4ቱ ለመደቦቹ፣ 1ዱ ለተዛባ ንዝረት፣ 8ቱ ለንዝረቱ ቅርጽ፣ 3ቱ ለድምፁ ኃይል ዋሉ።

የሄሊኮፕተር ጫጫታ ሲገባበት ግን ይህም ስልት ይሰናከላል፤ ሞተሩንም እንደ አፍ ሊገልጸው ይሞክራልና። በኋላ በተሻሻለው ሜልፕ ጫጫታውን አስቀድሞ የሚቀንስ ክፍል የተጨመረው ለዚህ ነው።